በቀን የተኙ ቅጠሎች

ጥቅምት 11

ጋሼ፤

ክንዱ የመጀመሪያውን ጫፍ የቆረጠው ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። እኔ ከብረት በሩ ውጭ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ፣ ስክሪኑን እያየሁ ብስኩት እበላ ነበር። ብስኩቱን የጻፍኩት ምንም እንዳልደብቅህ ስላልከኝ ነው።

ሰላምታዬን ስላላስቀደምኩ ይቅር በለኝ። እንደምን ሰነበትክ? እማዬስ? ልጆቹስ? እኔ በሰውነቴ ደህና ነኝ። በላክህልኝ ወረቀት ለጠየቅኸኝ መልሱ አዎ ነው፤ ብቻዬን ነበርኩ፤ ምስክር የለኝም።

ይህን ለእማዬ ታነብላት ይሆናልና እሷ እንደሚገባት አድርጌ ልጻፈው። ሰባተኛው ግሪን ሃውስ ውስጥ ዘጠኝ መቶ ተክሎች አሉ። ከሰፋፊ ቅጠሎቻቸው ተጨምቆ ከሚወጣው ፕሮቲን፣ እሳት ለበላው ገላ የሚሆን ቅባት ይሠራል። ብርዱ ከገባ ጀምሮ ሙቀት እንዳያመልጥ ጥቁሩ መጋረጃ ቀንም አይገለጥም፤ ፀሐያቸው አምፖል ነው። ሰው ለጽዳት ካልሆነ አይገባም። ቅጠሉን በየአሥራ አምስት ቀኑ የሚለቅሙት ስድስት የሮቦት ክንዶች ናቸው። ክንዶቹ ስድስት ይሁኑ እንጂ ትምህርታቸው አንድ ነው፤ ያስተማርኳቸውም እኔ ነኝ። ሽቦ የተሰፋበት ጓንት አጥልቄ ስቆርጥ፣ ሦስት ወር ሙሉ እጄን ሲያጠኑ ከረሙ። የበሰለውን የታች ቅጠል ይወስዳሉ፤ ለጋውን ጫፍ አይነኩም። ጫፉ ከተቆረጠ ተክሉ ወደ ጎን ያጎነቁላል፤ ፕሮቲኑም ይሳሳል። ከቤቱ ጥቂቱ እንኳ ከተበላሸ ደግሞ ሕጉ "ሁሉም ይጣል" ነው።

ማክሰኞ ለት ጫፉን ቆረጡ። ስክሪኑ ላይ የሚመጣው ግራጫ ምስል ስለሆነ በዓይን አይለይም። ቅርጫቱ ከልክ በላይ ከብዶ ሚዛኑ ሲጮህ ሃያ ስድስት ደቂቃ አልፏል፤ ሰባት መቶ ሰማንያ ተክል ሄዷል። አቁሜያቸው በሩን ከፈትኩ። በሩ ሲከፈት የመግቢያው መብራት እንደ ልማዱ ቦግ አለ። የተረፉት ተክሎች ቅጠላቸውን ሽቅብ አቁመው፣ "እጅ ወደ ላይ" የተባሉ ምርኮኞች መስለዋል። ደንግጠው ነው አልኩ በልቤ። ተክል እንደማይደነግጥ በዲግሪ የተመሰከረልኝ ሰው ነኝ እንግዲህ።

ስልኬንና ኮምፒውተሬን ለምርመራ ወስደውብኛል። ከግቢ እንዳልወጣም ታዝዣለሁ። ጥቅምት 25 ቀን አጣሪ ኮሚቴው ፊት እቀርባለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን "ጥፋቱ የኔ ነው" የሚል ወረቀት ሊያስፈርሙኝ እየዞሩኝ ነው። ከፈረምኩ የአሠልጣኝነት ፈቃዴ ይነጠቃል። የተማርኩት ሁሉ፣ ያደርኩበት ሁሉ፣ በአንድ ፊርማ።

እኔ መካኒኩን እጠረጥራለሁ። ዋዜማውን ከጓንት መሳቢያዬ አጠገብ ሲንጎራደድ አይቼዋለሁ። ሰላም ሲለኝ ደግሞ ዓይኔን አያየኝም። አንድ ሰው ጓንቴን አጥልቆ ለክንዶቹ የተሳሳተ ትምህርት እንዳስገባ በርግጠኝነት እነግርሃለሁ።

ችግኝ የሚያመላልሰው ሹፌር ይህን ያደርስልሃል። እሱንም አላምነውም። ፖስታውን በክር የሰፋሁት ለዚህ ነው፤ ክሩ ተበጥሶ ከደረሰህ ንገረኝ። አንተስ ታምነኛለህ?

እህትህ ሳማ


ጥቅምት 14

ለውድ እህቴ ለሳማ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ከእማዬ ጉልበት በቀር ሁላችንም ደህና ነን። ሐኪሙ "ደረጃ እንዳትወጪ" ቢላት፣ "ታዲያ ክሊኒክህን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ምን ሰቀለው?" ብላ አሳፍራው መጣች። ስላንቺ ጠይቃኛለች። ሥራ በዝቶባት ነው ብያታለሁ። ደብዳቤሽን አላነበብኩላትም፤ አትቀየሚኝ።

ክሩ ሳይበጠስ ደርሶኛል። እንደ ቁስል ነው የሰፋሽው፤ መቀስ አጥቼ በጥርሴ ከፈትኩት። ሹፌሩን አትጠርጥሪ። እንኳን ደብዳቤ የመንገድ ምልክትም የሚያነብ ሰው አይደለም።

መጨረሻው መስመር ላይ ለጠየቅሽኝ ምን ብዬ ልመልስ? እንዲህ ያለ ነገር በወረቀት አይመለስም። እኔ ወንድምሽ ነኝ፤ ይኸው።

ስለ መካኒኩ የጠረጠርሽው እውነት ሳይሆን አይቀርም። ዓይንሽን አታንሺበት። ስለ ወረቀቱ ግን እንደ ታላቅ ወንድም ልምከርሽ፦ ክፉ አይምሰልሽ። ሆን ብላ አደረገች አይልም፤ በችኮላ ነው የሚለው። ጎንበስ ብለሽ ብታልፊው ዓመት ሳይሞላ ይረሳል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። አንቺ ደግሞ ገና ልጅ ነሽ፤ ጊዜ አለሽ።

ጥያቄዎቼን በሌላ ወረቀት ጽፌልሻለሁ። ከመለስሽ በኋላ ወረቀቱን አስወግጂው።

ወንድምሽ


ጥቅምት 17

ጋሼ፤

እንደምን ነህ? የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ። አለማንበብህን አልተቀየምኩም፤ ብቻ ልብ ብዬዋለሁ።

በተራ ልመልስ። ጓንቱ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር፤ ቁልፉም አንገቴ ላይ። ምላጮቹ የተቀየሩት ቅዳሜ ነው። የዚያን ለት ሰባት ሰዓት ሙሉ ተኝቻለሁ። አይደለም፤ ከማንም ጋር አልተጣላሁም ነበር። አሁን ግን ተጣልቻለሁ።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሠላሳ ሰው በተቀመጠበት አዳራሽ፣ ትሪዬን መካኒኩ ፊት ጣል አድርጌ "ጓንቴን የነካኸው አንተ ነህ!" አልኩት።

ማንኪያውን አስቀመጠ። "እኔ? ያንቺን ጓንት?"

"አዎ፣ አንተ!"

መዳፉን ዘርግቶ አሳየኝ። እጅ እንዳይመስልህ፤ የበር መቀርቀሪያ ነው። "አንቺ ልጅ፣ ተምረሻል ይላሉ። እስኪ በተማርሽበት ለኪው። ይህ እጅ እዚያ ውስጥ ከገባ ጓንቱ ተቀዶ ካልሲ ነው የሚሆነው።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን አላቆምኩም። "ታዲያ ለምን ዓይኔን አታይም?"

"ከኔ አምፖል የበለጠ ስለሚያቃጥል ነዋ!"

ሰው ሁሉ ጠረጴዛ እየመታ ሳቀ። ትሪዬን ትቼ ወጣሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ጓንቱን አሥር ጊዜ ለክቼዋለሁ፤ በእጁ ልክ እንዳልሆነ ሳልናገር በፊት ማየት ነበረብኝ። የምጠረጥረው ሰው ስላስፈለገኝ ያገኘሁትን ሰው ያዝኩ።

በማግስቱ ጠዋት እሱ ራሱ የሥራ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ። "ሰው ፊት ሌባ ተብዬ ቁርስ አልበላ ብሎኛል" አለ። ይቅርታ ጠየቅሁት። "ይቅርታውንም ምሳ ሰዓት ላይ ነው የምፈልገው፤ እዚያው ሠላሳው ሰው ፊት" አለኝ። እሺ አልኩ፤ አደረግሁትም። ከዚያ በኋላ ከደረት ኪሱ አንዲት ዘይት የጠጣች ደብተር አውጥቶ አንድ ነገር አሳየኝ።

ያሳየኝን አሁን አልጽፍልህም። ለምን እንደማልጽፍልህ ካወቅሁት ግን ሁለት ቀኔ ነው።

በምትኩ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ልጆች ሳለን ከክፍል ክፍል እየዞርክ መብራት ታጠፋብን ነበር። መጽሐፌን ሳልጨርስ ስንት ጊዜ ጨለማ ውስጥ ጥለኸኝ ሄደሃል! አድገህም ያንኑ ሥራ ሆንክና፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ተቀምጠህ የሁሉንም ግሪን ሃውሶች ኃይል ትቆጣጠራለህ። ይህ ነገር ከተፈጠረ ወዲህ ስለ ጓንቱ ጠየቅኸኝ። ስለ ምላጩ፣ ስለ እንቅልፌ፣ ስለ ጠቤ ጠየቅኸኝ። ስለ መብራቱ ግን አንድ ቃል አልጠየቅኸኝም።

ለምን ይሆን?

እህትህ

ማስታወሻ፦ የጥያቄዎቹን ወረቀት አላስወገድኩትም።


ጥቅምት 20

እህቴ፤

ደብዳቤሽ ሐሙስ ደረሰኝ፤ ከሹፌሩ ጋር የላክሽብኝ ብጣሽ ወረቀትም ትናንት። ብጣሽዋ ላይ ለጻፍሽው፣ አዎ። ሰዓቱን የቀየርኩት እኔ ነኝ።

እንዴት እንደሆነ ስሚኝ። ብርዱ ሳይጠነክር ኃይል በሲሶ ቀንሱ ተባልን። ከተማው ሲተኛ ኃይል ይተርፋል፤ ስለዚህ አምፖሎቹ ሌሊት እንዲበሩ፣ ቀን እንዲጠፉ አደረግሁ። ይህን ያደረግሁት ባዶ በሆኑት ቤቶች ላይ ነው፤ ቧንቧ እንዳይቀዘቅዝ ያህል። ሰባተኛውም ባዶ መስሎኝ። ተለቅሞ አዲስ ችግኝ የሚጠብቅ መስሎኝ። ዝርዝሩን ለማንም አልላክሁም፤ ባዶ ቤት ምን ማስታወቂያ ያስፈልገዋል?

ማክሰኞ ስሰማ እጄ ተንቀጠቀጠ። ፈራሁ፤ በቃ፤ ሌላ የምለው የለኝም።

እንዲህ ሆኖ ሳለ ግን አስቢበት። እኔ ከወደቅሁ ይህ ቤት አብሮኝ ይወድቃል። እማዬ፣ ልጆቹ፣ ባለቤቴ። አባታችን የሞተ ጊዜ አንቺ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርሽ። ትምህርቱን አቋርጦ ማን እንዳስተማረሽ አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔ አላወራውም። አንቺ ወጣት ነሽ፤ ከኔ የበለጠ ተምረሻል። ብትወድቂም ትነሺያለሽ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ አልነሳም።

እማዬ ሰሞኑን እንቅልፍ አጥታለች። ስምሽን ትጠራለች።

ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ቅደጂው። በእናታችን ይዤሻለሁ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 22

ጋሼ፤

አልቀደድኩትም።

ለጤናህ እንደምን ነህ? ይህን የምጠይቅህ ለወጉ ብዬ አይደለም። ልጆቹን ሳምልኝ። ለእማዬ ትናንት ለብቻ ጽፌላታለሁ። ደህና መሆኔንና ዓርብ ኮሚቴ ፊት እንደምቀርብ ነገርኳት። ያንተን ነገር አልነገርኳትም፤ እሱን የምትነግራት አንተ ነህ።

አሁን መካኒኩ ያሳየኝን ልንገርህ። አምፖሎቹ መቼ እንደሚያረጁ ለማወቅ የያንዳንዱን ቤት የአምፖል ቆጣሪ ጠዋት ሲገባና ማታ ሲወጣ በእርሳስ ይጽፋል። ማንም አላዘዘውም። ከመስከረም 29 እስከ ጥቅምት 7 ድረስ የሰባተኛው ቤት የጠዋት ቁጥርና የማታ ቁጥር አንድ ነው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ አምፖሎቹ ቀን አልበሩም። "ለምን ዝም አልክ?" ብዬ ጠየቅሁት። "ከላይ የታዘዘ መሰለኝ" አለኝ። "ከላይ የታዘዘ ነገር እንደ ዝናብ ነው፤ ጃንጥላ ትዘረጊያለሽ እንጂ ለምን ዘነብክ አትይውም።"

በራሴ አፍሬያለሁ። የነዚህ ተክሎች ቅጠል ሲመሽ ተነስቶ ጫፉን ያቅፋል፤ ሲነጋ ይዘረጋል። የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ነው። እኔ ክንዶቹን ያስተማርኳቸው በነቁ ተክሎች ላይ ነው፤ የተኛ ተክል አላሳየኋቸውም። ረፋድ አራት ሰዓት ላይ የገቡት እኩለ ሌሊት ውስጥ ነበር፤ ግራጫው ምስል ጨለማንም ብርሃንንም አንድ ስለሚያደርግ ስክሪኑ ላይ አልታየኝም። ቅጠሉን ባስተማርኳቸው ቦታ ፈለጉት፤ ያገኙት ግን ቅጠልና ጫፍ ተቃቅፈው ነው። ቆረጡ። በሩን ከፍቼ ቅጠሎቹ ቆመው ሳይ "ተኝተዋል" ማለት ሲገባኝ "ደንግጠዋል" ብዬ አለፍኩ። ይህ የኔ ጥፋት ነው። በገዛ ቃሌ ጽፌዋለሁ፤ ስሜንም ፈርሜበታለሁ።

ባዶ መስሎህ ያደረግኸው ስህተት ነው። ስህተትን ከኔ በላይ የሚረዳህ የለም፤ ሰው ፊት ንጹሕ ሰው ሌባ ያልኩ ሴት ነኝ። ነገር ግን በደብተሩ ላይ ሌላ ቁጥር አለ። ጥቅምት 8፣ ማክሰኞ፣ አምፖሎቹ ቀን ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ነድደዋል። ረቡዕ ደግሞ እንደ ድሮው ሙሉ ቀን። መካኒኩ የማታውን ቁጥር የሚጽፈው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስለሆነ፣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ መልሰህ ቀይረኸዋል ማለት ነው። ያን ጊዜ ቤቱ ባዶ እንዳልነበረ ታውቅ ነበር ጋሼ። እኔ እዚያ ውስጥ ተንበርክኬ የተቆረጡ ጫፎችን ስለቅም፣ አንተ ዱካህን እየጠረግህ ነበር። እጄ ተንቀጠቀጠ ብለሃል። ቁልፉን ግን አልሳተም።

"እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" ብለህ ጽፈህልኛል። የሰባተኛውን ቤት ንጋት በጣትህ የምታመጣው አንተ ሆነህ ሳለ ይህን መጻፍህ ትንሽ አላሳቀህም?

ይህም ሁሉ ይቅር። ከዚህ በላይ አንጀቴን የቆረጠው ሌላ ነው። ትናንት ወረቀቱን ሰጡኝ። ሁለተኛው አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ "አሠልጣኟ እጇ ከሐሳቧ የሚቀድም በመሆኑ።" ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ይህን የምትለው እማዬ ናት። ብርጭቆ ስሰብር፣ ሳላስብ ሰው ስገፋ፣ "የዚህች ልጅ እጇ ከሐሳቧ ይቀድማል" የምትለው እሷ ናት፤ እሷም ብትሆን ግንባሬን እየሳመች ነው። ይህን ቃል የሚያውቅ ከቤታችን ውጭ የለም።

የኮሚቴውን ሰብሳቢ "ይህን ማን ጻፈው?" አልኳት። መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችኝ። "ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው የመጣው" አለች። "እኛ እንዲህ አሳምረን መጻፍ አናውቅም።"

እንግዲህ ወረቀቱን ያየኸው ብቻ አይደለህም። የጻፍከውም አንተ ነህ። እናታችን በፍቅር ያለችኝን ወስደህ ለማያውቁኝ ሰዎች ማስረጃ አድርገህ ሰጠሃቸው። "መካኒኩን ጠርጥሪ" ስትለኝም አንተ ራስህ እንዳልጠረጠርከው ታውቅ ነበር። እኔ ሹፌሩን ፈርቼ ፖስታ ስሰፋ፣ ደብዳቤዎቼን ከማን መደበቅ እንደነበረብኝ አልገባኝም።

አሁን የማደርገውን እነግርሃለሁ፤ ከጀርባህ ምንም አላደርግም። የደብተሩ ቅጂ፣ የራሴ ቃል፣ ያንተም አራት ወረቀቶች በአንድ ፖስታ ውስጥ ናቸው። ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ለሰብሳቢዋ እሰጣለሁ። መካኒኩ ከጎኔ ሊቆም ተስማምቷል። "ደብተሯን ያለ ባለቤቷ አልልክም" ብሎ ነው የሚያላግጠው። ሹፌሩ ነገ ከአንተ ዘንድ ይሆናል፤ ሐሙስ ይመለሳል። ከጎኑ ያለው ወንበር ባዶ ነው፤ ጠይቄዋለሁ። ከመጣህ፣ ከኔ በፊት ግባና በገዛ አፍህ ተናገር። እኔ ውጭ አግዳሚው ላይ እጠብቃለሁ፤ ከደብዳቤዎችህም አንዱን አላወጣም። ካልመጣህ ግን ሁሉንም አነባለሁ።

ስላሳደግኸኝ አመሰግንሃለሁ። ይህን ያለ ምንም "ግን" ነው የጻፍኩት፤ ሁለተኛ ጊዜ ተመልሰህ አንብበው። ደግሞም እወድሃለሁ፤ ይኸው ነው የሚያናድደኝ።

ከእንግዲህ የማልቀበለውንም ስማኝ። የእማዬን ሕመም ከጥያቄ ጋር አጥፈህ በአንድ ፖስታ እንድትልክልኝ አልፈቅድም። ልትጠይቀኝ ስትፈልግ ጠይቀኝ፤ ስለ እሷ ልትነግረኝ ስትፈልግ ንገረኝ። አንብቢና ቅደጂ የሚባል ደብዳቤ ከማንም አልቀበልም። ወጣት ስለሆንኩ፣ ስለተማርኩ፣ ስለምችል፣ የሌላውን ጥፋት ተሸከሚ መባልን አልቀበልም፤ ጀርባዬ የጠነከረው የሰው ዕቃ ሊጫንበት አይደለም። ዓርብ ስሜ ሲጠራ እቆማለሁ። ያላደረግሁትን አድርጌያለሁ ብዬ፣ በማንም ውለታ፣ በማንም ዕንባ፣ በማንም ፍቅር ስም፣ ከእንግዲህ አልፈርምም።

እህትህ